መዝገቡን ተከተሉ፦ የወንጀል ፍትሕ ቃላትን ሳያምታቱ ለመያዝ ዝርዝር መመሪያ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ በብሎካችን ኮሚናል ቤት፣ የማታ የሕግ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ከሥራ ወጥተው፣ ታክሲ ተሰልፈው፣ እራት ሳይበሉ ነው የሚመጡት። ሰነፍ የለባቸውም። ቃላቱን በፊደል ተራ ጽፈው እንደ ዳዊት ይደግሟቸዋል። ፈተና ሲመጣ ግን «ተከሳሹ በተያዘ በ48 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ብይን ሰጠው» ብለው ይጽፋሉ። በዚች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስህተት አለ። ወዲያው ካልታያችሁ ይህን መመሪያ እስክሪብቶ ይዛችሁ አንብቡት።

የሚወድቁበት ምክንያት አንድ ነው። ቃሉን ያውቁታል፤ የት ላይ እንደሚሠራ ግን አያውቁትም። በወንጀል ጉዳይ ሰውዬው አንድ ሆኖ ስሙ በየደረጃው ይቀየራል። ፖሊስ ጋ ተጠርጣሪ ነው። ክስ ሲመሠረትበት ተከሳሽ ይሆናል። ጥፋተኛ ተብሎ ሲቀጣ ፍርደኛ ይባላል። ይግባኝ ካለ ደግሞ ይግባኝ ባይ ነው። ስለዚህ ቃላቱን በፊደል ተራ አታጥኑ። አንድ መዝገብ ከፖሊስ ጣቢያ ተነስቶ እስከ ሰበር፣ ማለትም የሕግ ስህተትን ብቻ እስከሚያየው የመጨረሻ ችሎት፣ የሚሄድበትን መንገድ እየተከተላችሁ አጥኑ።

## ከመጀመራችሁ በፊት የምታዘጋጁት

1. አዲስ ደብተር አንድ፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ። በሰማያዊ ቃሉን፣ በቀይ ደግሞ ከሱ ጋር የሚምታታውን ቃል ትጽፋላችሁ።
2. ሦስት ሕጎች፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ። ስልክ ላይ በፒዲኤፍ ከሆነ መብራት ሳይጠፋ ቻርጅ አድርጉ።
3. አማርኛውን ቅጂ። ብዙ ተማሪ በእንግሊዝኛ አጥንቶ አማርኛውን ከራሱ ይተረጉማል። አታድርጉት። በፌደራል ሕግ አማርኛውና እንግሊዝኛው ከተጋጩ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው። ቃሉን ሕጉ እንደጻፈው ያዙት።

ማስጠንቀቂያ። የ1949ኙ አሮጌ ሕግ አሁንም በየስልኩ ይዞራል። እሱ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ይባላል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት «የወንጀል ሕግ» ነው። ርዕሱን አንብቡ። የሚያሳስተው የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ነው፤ እሱ እስከ ስሙ «የወንጀለኛ መቅጫ» እንዳለ ነው። አሮጌውን ይዛችሁ ካጠናችሁ የጻፋችሁትን አትሰርዙ። ቃሉንም የአንቀጹን ቁጥርም ከአዲሱ እያያችሁ አስተካክሉ። እግረ መንገዳችሁን መምህራችሁ በማሻሻያ አዋጅ የሚያስተምር እንደሆነ ጠይቁ።

## ደረጃ 1፦ አንድ ታሪክ ያዙ

በአንድ ታሪክ ሁሉንም ቃላት ታስኬዳላችሁ። እኔ የምጠቀምበት ይሄ ነው።

ሴትዮዋ ምድር ቤት ሱቅ አላት። ስልኳ ባንኮኒው ላይ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። አንድ ልጅ ገብቶ ውሃ ይጠይቃል። ፍሪጁን ለመክፈት ጎንበስ ስትል ስልኩን ነቅሎ ይወጣል። ትጮኻለች። የታክሲ ተራ አስከባሪዎች አደባባዩ ጋ ይይዙታል፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው።

ይህን በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በአምስት መስመር ጻፉ። ሌላ ታሪክ መውሰድ ትችላላችሁ፤ ግን ቀላል ይሁን። ግድያ አትምረጡ። ግድያ ውስጥ ሲገቡ ተማሪዎች ስለ ሟቹ ሲያስቡ ቃሉን ይረሱታል።

## ደረጃ 2፦ መስመሩን አስምሩ

ደብተሩን ወደ ጎን አዙሩና አንድ ረጅም መስመር አስምሩ። ስድስት ነጥብ አድርጉበት፦ ፖሊስ፣ ጊዜ ቀጠሮ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ችሎት፣ ቅጣት፣ ይግባኝ። በእያንዳንዱ ነጥብ ሥር ሦስት ጥያቄ ጻፉ። ልጁ እዚህ ማን ይባላል? ውሳኔ ሰጪው ማነው? የሚወጣው ወረቀት ምን ይባላል?

ከመስመሩ በላይ ደግሞ «ሥልጣን» ብላችሁ ጻፉ። እኛ የምንኖረው ዳር ላይ ስለሆነ ይህ ቃል ለኛ የየቀን ነገር ነው። ድርጊቱ ቱሉ ዲምቱ ላይ ከተፈጸመ አዲስ አበባ ነው፤ ስርቆቱን የሚያየው የፌደራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። አደባባዩን አልፎ ገላን ላይ ከሆነ ግን ሸገር ከተማ፣ ኦሮሚያ ክልል ነው፤ የሚያየው የክልሉ ፍርድ ቤት፣ የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ነው። የወንጀል ሕጉ አንድ ነው፤ የሚለየው የዳኝነት ሥልጣኑ ነው። ቋንቋውን የማይችል ተከሳሽ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ያገኛል። ፈተና ላይ የቦታ ስም ሲጠቀስ ዝም ብሎ አይደለም። አስምሩበት።

## ደረጃ 3፦ ፖሊስ ጣቢያ

ሴትዮዋ ጣቢያ ሄዳ «ከሰስኩት» ትላለች። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው። ደብተራችሁ ላይ ግን እንደዚያ አትጻፉ። እሷ ያቀረበችው አቤቱታ ነው። ጎረቤት አይቶ ቢናገር ጥቆማ ነው። ክስ የሚባለው በኋላ ዐቃቤ ሕግ ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ነው። እሷ የግል ተበዳይ ትባላለች፣ ልጁ ተጠርጣሪ፣ ጉዳዩን የሚያጣራው መርማሪ ፖሊስ፣ የሚከፈተው ደግሞ የምርመራ መዝገብ ነው።

አንዳንድ ወንጀል ተበዳዩ ካላመለከተ አይከሰስም። ስድብና ስም ማጥፋት እንደዚያ ናቸው። «የግል አቤቱታ የሚያስፈልጋቸው ወንጀሎች» ይባላሉ። ስርቆት በመደበኛው ከነሱ ውስጥ አይደለም። ሴትዮዋ «ትቼዋለሁ፣ ልጅ ነው» ብትልም መዝገቡ በዚያ ብቻ አይዘጋም።

አሁን አያያዙ። አራት ቃል ለዩ፦

- እጅ ከፍንጅ፦ ሲፈጽም ወይም ወዲያው እንደፈጸመ መያዝ። የኛ ልጅ እዚህ ነው። ትእዛዝ አላስፈለገም።
- መጥሪያ፦ ና ተብሎ የሚላክ ወረቀት። በጉልበት አይዝም።
- የመያዣ ትእዛዝ፦ ፍርድ ቤት ሰውን ለመያዝ የሚሰጠው።
- የብርበራ ትእዛዝ፦ ፍርድ ቤት ቤትን ለመፈተሽ የሚሰጠው። ፍርድ ቤቱ በተለይ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ይምታታሉ። አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለቤት ነው። ደብተራችሁ ላይ ሰውና ቤት ሥላችሁ ከጎናቸው ጻፉ፤ ሥዕል አለመቻል ችግር የለውም።

### ማረፊያ እና ማረሚያ

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሁለቱን ቃላት ጻፏቸውና እዩ። ማረፊያ። ማረሚያ። የሚለያቸው አንድ ፊደል ነው፤ «ፊ» እና «ሚ»። ማረፊያ ቤት ፖሊስ ጣቢያ ያለው ነው፤ ተጠርጣሪ ምርመራው እስኪያልቅ የሚቆይበት። ማረሚያ ቤት ደግሞ የተፈረደበት ቅጣቱን የሚፈጽምበት ነው። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ መልሱን ሁሉ አውቃ «ተጠርጣሪው ማረሚያ ቤት 48 ሰዓት ቆየ» ብላ ጽፋ ነጥብ አጣች። ወረቀቱን ይዛ መጥታ አሳየችኝ። እጇ ነበር የሳተው፤ አራሚው ግን ይህን በምን ያውቃል?

መያዣው ይሄ ነው። ማረም ማለት ማስተካከል ነው፤ የሚታረመው ጥፋተኛ የተባለ ሰው ነው። ያልተፈረደበት ሰው አይታረምም። ነገር ግን ተከስሶ ዋስትና የተከለከለ ሰው ፍርዱን ሳያገኝ ማረሚያ ቤት ሊቆይ ይችላል፤ እሱ የቀጠሮ እስረኛ ይባላል፣ ፍርደኛ አይባልም። ጥያቄው ውስጥ «ማረሚያ ቤት» ስላያችሁ ብቻ ተፈርዶበታል ብላችሁ አትዝለሉ።

«ታሰረ» የሚለውንም ቃል ለጊዜው ከደብተራችሁ አውጡት። በሰፈር ለሁሉም እንለዋለን። በሕጉ አንዱ መያዝ ነው፣ ሌላው እስራት ነው። እስራት ቅጣት ነው።

## ደረጃ 4፦ 48 ሰዓት፣ ጊዜ ቀጠሮ፣ ዋስትና

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የሚቀነሰው ከተያዘበት ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ አይቀነሱም። ስሌቱን በእጃችሁ ሥሩት፦ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት የተያዘ፣ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሞላዋል። ተማሪዎች «ሁለት የሥራ ቀን» ይላሉ። ሕገ መንግሥቱ ግን «የሥራ ቀን» አላለም።

እዚያው አንቀጽ ላይ የመናገር ግዴታ የሌለበት መሆኑን፣ የሚናገረው ቃል ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል፣ ተገዶ የሰጠው ቃል ደግሞ ተቀባይነት እንደሌለው ታገኛላችሁ። ሦስቱንም በራሳችሁ ቃል ጻፉ።

ፖሊስ ምርመራው ካላለቀ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። ይህን ከተራው «ቀጠሮ» ለዩት። ቀጠሮ ማንኛውም ችሎት የሚውልበት ቀን ነው። ጊዜ ቀጠሮ ግን ተጠርጣሪው በጥበቃ ሥር ሆኖ ምርመራው እንዲቀጥል የሚሰጥ ነው፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። አንዳንድ ልዩ ሕጎች የራሳቸው የጊዜ ስሌት ስላላቸው፣ ጥያቄው ሽብር ወይም ሙስና ካለ 14 ቀንን ሳታዩ አትጻፉ።

ቀጥሎ ዋስትና። ሦስት ቃል አንድ ቤተሰብ ናቸው፦ ዋስ ሰውዬው ነው፣ ዋስትና መብቱና ግዴታው ነው፣ የዋስትና ገንዘብ የሚያዘው ብር ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ዋስትና የሚከለክለው ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆንና ተበዳዩም የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ሲሆን ነው። ሁለቱን አጣምሩ። አንቀጽ 67 ደግሞ ሌላ በር ነው፦ ግዴታውን አክብሮ አይቀርብም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲታመን። ዋስትና የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል።

በብዛት የሚሳሳቱበት፦ «በዋስ ተለቀቀ» እና «በነፃ ተሰናበተ»። በዋስ የወጣ ሰው ጉዳዩ አላለቀም፤ በቀጠሮው ቀን ይመጣል። በነፃ የተሰናበተ ሰው ጥፋተኛ አይደለህም ተብሏል። ሰፈር ውስጥ ሁለቱም «ተፈታ» ነው የሚባሉት፤ ግራ የሚያጋባው እሱ ነው። ሦስተኛም አለ፦ አካልን ነፃ ማውጣት። በ48 ሰዓት ያልቀረበ ወይም የተያዘበት ምክንያት ያልተነገረው ሰው «ልቀቁኝ» ብሎ ፍርድ ቤት የሚያቀርበው ጥያቄ ነው። ዋስ አይጠራበትም፣ ገንዘብም አይያዝበትም።

## ደረጃ 5፦ ለድርጊቱ ስም ስጡት

ብዙ መመሪያ ከዚህ ይጀምራል። እኔ ሆን ብዬ እዚህ አመጣሁት፤ መንገዱን ያልያዘ ተማሪ የወንጀሎቹን ስም ሲደረድር ይጠፋል።

ያንን ስልክ ውሰዱና ታሪኩን ትንሽ ትንሽ ቀይሩት፦

- ጎንበስ ስትል ነቅሎ ወጣ። ስርቆት ነው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665።
- ገፍትሮ ወይም ቢላ አሳይቶ ወሰደ። ኃይል ወይም ዛቻ ስለገባበት ውንብድና ሆነ፣ አንቀጽ 670።
- ሴትዮዋ እንዲያሠራላት በእጇ ሰጠችው፤ ወስዶ ሸጠው። እምነት ማጉደል፣ አንቀጽ 675።
- «ባልሽ ልኮኝ ነው፣ ስልኩን ስጭኝ» ብሎ ዋሽቶ ተቀበለ። አታላይነት፣ አንቀጽ 692።
- ሌላ ሰው የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ በርካሽ ገዛው። መሸሸግ፣ አንቀጽ 682።

ስልኩ ያው ነው፤ ስሙን የቀየረው ስልኩ ከእጇ የወጣበት መንገድ ነው። ስለዚህ «ምን ተወሰደ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «እንዴት ወጣ?» በሉ።

ከዚያ በአንቀጽ 23 ያሉትን ሦስት ፍሬ ነገሮች ፈትሹ። ሕጋዊ፦ ድርጊቱን የሚከለክል አንቀጽ አለ? ግዙፋዊ፦ በእርግጥ የተደረገ ወይም ሳይደረግ የቀረ ነገር አለ? ሞራላዊ፦ አስቦ ነው ወይስ በቸልተኝነት? ሦስቱ ካልተሟሉ ወንጀል የለም። የራሱ ስልክ መስሎት የእሷን ያነሳ ልጅ ሁለቱን ያሟላል፤ ሦስተኛው ላይ ይቆማል።

ልጁ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ሊነቅል ሲል ብትይዘውስ? ሙከራ ነው፣ አንቀጽ 27። ቤቱ ተቀምጦ ዕቅድ ሲያወጣ ከሆነ ዝግጅት ነው፤ ዝግጅት በመርህ ደረጃ አያስቀጣም።

ዕድሜውን አትርሱ። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ወጣት ጥፋተኛ ነው፤ ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት ሳይሆን ልዩ እርምጃዎች ናቸው የሚወሰኑበት።

## ደረጃ 6፦ ዐቃቤ ሕግ ጋ

የምርመራ መዝገቡ ፖሊስን ለቆ ዐቃቤ ሕግ ጋ ይደርሳል። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ክስ ለማዘጋጀት 15 ቀን ይሰጠዋል። ክሱ ፍርድ ቤት ሲገባ የልጁ ስም ይቀየራል። ደብተራችሁ ላይ «ተጠርጣሪ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዙና ከጎኑ «ተከሳሽ» ብላችሁ በቀይ ጻፉ። መሰረዙ ራሱ ያስታውሳችኋል።

ክሱ ሲነበብለት መጀመሪያ የክስ መቃወሚያ ካለው ያቀርባል። መቃወሚያ ማለት «ክሱ በደንብ አልተጻፈም፣ ይህ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም» ማለት እንጂ «አልሰረቅሁም» ማለት አይደለም። «አልሰረቅሁም» የሚለው ቀጥሎ በሚመጣው የእምነት ክህደት ቃል ላይ ነው። የሁለቱን ቅደም ተከተል የሚገለብጡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው።

## ደረጃ 7፦ ችሎት፣ እና አራቱ ቃላት

የዐቃቤ ሕግ ምስክር ይቀርባል። ያቀረበው ወገን ዋና ጥያቄ ይጠይቃል፣ ተቃራኒው መስቀለኛ ጥያቄ፣ ከዚያ ያቀረበው እንደገና ድጋሚ ጥያቄ። ይሄ አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው ዳኛው የሚናገረው ነው፦ ትእዛዝ፣ ብይን፣ ፍርድ፣ ውሳኔ። ጊዜያችሁን በሙሉ እዚህ ብታጠፉ አትከስሩም።

ትእዛዝ አንድ ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግ የሚነገር ነው። «ፖሊስ ምስክሩን ለሚቀጥለው ቀጠሮ ያቅርብ።» ስለ ጥፋት ምንም አላለም።

ብይን በክርክሩ መሀል ለተነሳ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። መቃወሚያው ተቀባይነት አለው ወይስ የለውም? ብይን ይሰጥበታል። ትልቁ ብይን ግን የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ካለቁ በኋላ ያለው ነው። ማስረጃው ተከሳሹን ጥፋተኛ ለማድረግ የማያበቃ ከሆነ፣ ተከሳሹ አንድም ምስክር ሳያቀርብ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 በነፃ ይሰናበታል። የሚያበቃ ከሆነ በአንቀጽ 142 «ተከላከል» ይባላል። «ተከላከል» ተባለ ማለት ተፈረደበት ማለት አይደለም። ይህን በትልቁ ጻፉት። እስከ መጨረሻው ፍርድ ድረስ ነፃ ሆኖ የመገመት መብቱ አብሮት ነው።

ፍርድ ማስረጃው ሁሉ ተሰምቶ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚባልበት ነው። እዚህ ዳኛው ምክንያቱን ይተነትናል።

ውሳኔ ያ ትንታኔ የደረሰበት ውጤት ነው፤ ብዙ ጊዜ በተራ ቁጥር ይጻፋል።

በወሬ ከምነግራችሁ በዓይናችሁ እዩት። ከፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የታተሙ ቅጾች አንድ የወንጀል መዝገብ አውጡ። መሀል ላይ ፊደሎቹ ተራርቀው «ፍ ር ድ» ተብሎ የተጻፈ ታያላችሁ። ከሥሩ ረጅም ሐተታ አለ። ወደ መጨረሻው «ው ሳ ኔ» ይላል፤ ከሥሩ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ የተደረገው ተቀምጧል። ብዙ ጊዜ ከሱ ቀጥሎ «ት እ ዛ ዝ» ይመጣል፤ «መዝገቡ ተዘግቷል፣ ለሚመለከተው ይጻፍ» የመሰለ ነገር። ሦስቱ ቃላት በአንድ ወረቀት ላይ በየቦታቸው ተቀምጠዋል። ቀይ እስክሪብቶ አውጡና ክበቧቸው። ሁለት መዝገብ እንዲህ የከበበ ተማሪ ሲያምታታ አላየሁም።

ይህ ደረጃ ካቃታችሁ፦ ዓረፍተ ነገሩን ፈትኑ። «ከዚህ በኋላ ተከሳሹ ስለ ጥፋተኛነቱ ገና የሚከራከርበት ነገር እዚሁ ችሎት ፊት አለ?» ካለ፣ ትእዛዝ ወይም ብይን ነው። ከሁለቱ ደግሞ «አድርግ» ካለ ትእዛዝ፣ «ተቀብለናል፣ አልተቀበልንም» ካለ ብይን።

## ደረጃ 8፦ ቅጣት

ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ሁለቱም ወገን የቅጣት አስተያየት ይሰጣል። ማክበጃ ዐቃቤ ሕግ ያነሳል፣ ማቅለያ ተከሳሹ ያነሳል። ከዚያ ቅጣቱ ይወሰናል።

ቁጥሮቹን ያዙ። ቀላል እስራት በመርህ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ ሕጉ ለይቶ በጠቀሰው ጊዜ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ጽኑ እስራት ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት፣ ወይም ዕድሜ ልክ። «ከ3 ዓመት በታች ሁሉ ቀላል ነው» እንዳትሉ፤ የ2 ዓመት ጽኑ እስራት አለ።

አራት የሚምታቱ ቃላት፦

- ገደብ፦ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ገና ሳይፈጸም ያቆመዋል። ልጁ ቅድመ ሁኔታ ተጥሎበት ቤቱ ይሄዳል።
- አመክሮ፦ ታስሮ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ከጨረሰ በኋላ በመልካም ጠባይ ይለቀቃል። ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት።
- ይቅርታ፦ አስፈጻሚው አካል ለተፈረደበት ሰው ይሰጣል። በፌደራል ደረጃ ፕሬዚዳንቱ።
- ምሕረት፦ በሕግ፣ በሕግ አውጪው ይሰጣል፤ ያልተፈረደበትንም ይጨምራል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጊዜ ለዩ፤ ከመታሰር በፊት ገደብ፣ ከታሰረ በኋላ አመክሮ። የኋለኞቹን በሰጪው።

## ደረጃ 9፦ ይግባኝ እና ሰበር

ስም እንደገና ይቀየራል። የጠየቀው ይግባኝ ባይ፣ ሌላው መልስ ሰጭ። ሰበር ሲደርስ አመልካች እና ተጠሪ። ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ ባይ ሊሆን ይችላል፤ «ይግባኝ ባይ» ስታዩ ሁልጊዜ ተከሳሹ አይምሰላችሁ። የፌደራል ዐቃቤ ሕግ በሆነ መዝገብ ላይ ይግባኝ ባይ ሆኖ የቀረበበትን ፈልጉና አንዴ አንብቡ።

ጊዜው፦ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደሚጠይቅ ያስታውቃል፤ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን ያቀርባል። ሰበር ፍሬ ነገር፣ ማለትም በእርግጥ የሆነውን፣ አያጣራም፤ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ወይ ብሎ ነው የሚያየው። «ምስክሩ ዋሽቷል» የሚል ሰበር ላይ አይጠቅምም።

## ደረጃ 10፦ ችሎት ሄዳችሁ ስሙ

የወንጀል ችሎት በመርህ ለሕዝብ ክፍት ነው። ከመካከለኛ ፈተናችሁ በፊት አንድ ጠዋት ለይታችሁ ሂዱ። ከኛ ሰፈር ከሆናችሁ በጊዜ ውጡ፤ የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ ችሎቱን ያሳልፍባችኋል።

1. መታወቂያ ያዙ። ፍተሻ አለ።
2. ስልካችሁን አጥፉ። አትቅረጹ፣ ፎቶ አታንሱ። ችሎት መድፈር ራሱ ወንጀል ነው።
3. ዳኞች ሲገቡ ሁሉም ይነሳል፤ ተነሱ።
4. ኋላ ተቀመጡ። በር ላይ ከሚጠብቁ ምስክሮች ጋር ስለ ጉዳዩ አታውሩ።
5. ማስታወሻ ላይ የሰው ስም አትጻፉ። የምትይዙት ቃል ብቻ ነው፦ ቀጠሮ፣ ትእዛዝ፣ ብይን፣ መቃወሚያ፣ ዋስትና። በሰማችሁ ቁጥር ጭረት አድርጉ፣ ከጎኑ ማን እንደተናገረው።

ዝግ ችሎት ነው ከተባላችሁ አትከራከሩ፤ ሌላ ችሎት ግቡ። ቀጠሮ ተለውጦ ቶሎ ካለቀ ደግሞ ደጅ ያለውን የዕለቱን የመዝገቦች ዝርዝር አንብቡ። ዝርዝሩ ላይ ለምን እንደተቀጠረ ከተጻፈ፣ «ለብይን»፣ «ለምስክር»፣ «ለቅጣት አስተያየት» የሚሉትን ቅዱና በመስመራችሁ ላይ የት እንደሚወድቁ ቤት ስትገቡ አስቀምጧቸው።

## ፈተና ላይ ቃሉ ሲጠፋባችሁ

ጥያቄውን አንብባችሁ ቃሉ ካልመጣ መልሱን አትጀምሩ። በመልስ መስጫው ሳይሆን በጥያቄ ወረቀቱ ጥግ ላይ ስድስቱን ነጥቦች ያለ ቃል አድርጉ። ጥያቄው የሚናገረው ስለ የትኛው ነጥብ እንደሆነ ምልክት አድርጉ። ክስ ተመሥርቷል ወይ? ካልተመሠረተ «ተከሳሽ» የሚለውን ቃል ከአእምሯችሁ አውጡ። ፍርድ ተሰጥቷል ወይ? ካልተሰጠ «ፍርደኛ» እና «አመክሮ» አብረው ይውጡ። ከቀሩት ሦስት አራት ቃላት ትክክለኛውን ማግኘት ይቀላል።

ከዚያም ካልመጣ ቃሉን በአማርኛ ዘርዝራችሁ ግለጹት። «ምርመራው እንዲቀጥል ፍርድ ቤቱ የሰጠው ተጨማሪ ጊዜ» ብሎ የጻፈ ተማሪ «ጊዜ ቀጠሮ» የሚለው ቢጠፋበትም ሐሳቡን አሳይቷል። ያልሆነ ስም ከሰጣችሁት ግን አራሚው ቃሉን ጠፍቶባችሁ ሳይሆን ጉዳዩን ሳታውቁት ይመስለዋል። ወረቀቱን ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ጊዜ «ማረፊያ» እና «ማረሚያ» የጻፋችሁበትን ቦታ ተመለሱና ፊደሏን እዩ።